ማንጠግቦሽ የታመመችበት መኸር

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከደብረ ታቦር ወዲያ ካለ ገጠር ተነሥቼ መተማ ዮሐንስ ከወረድሁ ገና ሦስት ወሬ ነው። ሙቀቱን መልመድ አቅቶኝ ቀን ቀን እንደ ዶሮ አፌን ከፍቼ ከጥላ ወደ ጥላ ስዞር እውል ነበር። ሥራ ያገኘሁት እትዬ ደብሬ ከሚባሉ የሰሊጥ ባለመሬት ቤት ነው። ለአጫጆች ምግብ መሥራት ነበር ሥራዬ። አብራኝ የምትሠራው፣ እውነቱን ልናገርና ሥራውን ያስተማረችኝም፣ የእትዬ ደብሬ ብቸኛ ልጅ ማንጠግቦሽ ነበረች።

ማንጠግቦሽ ባለፈው ጥቅምት አብደራፊ ላይ ሞተች። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበረች። ጎረቤቷ ስልክ ደውሎ «ማንጠግቦሽ ታማ ነበር፤ ወባ ነው፣ በሦስተኛው ቀን አረፈች» ሲለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያመለጠኝ ሳቅ ነው። «ታማ ነበር» የሚለው ነው ያሳቀኝ። ሰውየው ያበድሁ ሳይመስለው አልቀረም። እንባው የመጣው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ለምን እንደ ሳቅሁ እንዲገባችሁ ስለ እሷ ሕመም መንገር አለብኝ።

ማንጠግቦሽ ረጅም ነበረች፤ ጠይም፣ ክንደ ብርቱ። የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ትለብስና ጫፉን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታስረዋለች፤ ለጠብ የምትወጣ ነው የምትመስለው። ወጥ የምትቀምሰው በእጇ ጀርባ ነው። ጠብ ታደርግና ትልሰዋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ፍርድ ትሰጣለች፦ «ገና ጨው ይጎድለዋል።» ወይም ደግሞ፦ «ይኼስ ለመላእክት ነው፤ ለአጫጅ ግን ሚጥሚጣ ጨምሪበት።» እጇ እንዲህ ስለ ነበር ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ እትዬ ደብሬ ማሳ ለመግባት ይሻሙ ነበር። ሳሉግ ውል ከመግባቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ወጥ የሚሠራው ማነው? «ማንጠግቦሽ» ከተባለ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይከተላል። ክፉ ወጥ የሚሠራበት ማሳ ሰሊጡ ወርቅ ቢሆን ሰው አያገኝም።

እናቷ ግን ሌላ ነበሩ። እትዬ ደብሬ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ነው የሚውሉት። ባላቸው አንድ ቀን «ገላባት ደርሼ መጣሁ» ብሎ ድንበሩን እንደ ተሻገረ ገዳሪፍ ላይ ሌላ ቤት ሠርቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት ማንም እንዲወጣ አይፈልጉም። «ያለ ቃሌ በዚህ ቤት እንጨት አይሰበርም» ይላሉ። ሲሉም ቀልድ አልነበረም። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ሃምሳ አጫጅ የምትመግብ ሴት፣ ፀጉሯን ለመታጠብ ታስፈቅዳለች። የምትሄደው ቤተ ክርስቲያን፣ ወፍጮ ቤትና ማሳ ብቻ ነው። ጥርሷ እስኪታይ ከሳቀች ከዘራው ዱካውን ኳ ያደርገዋል፤ ማንጠግቦሽም አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። እናቷን «እርስዎ» ነው የምትላቸው።

እኔን ደግሞ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። «አንቺ ቅማላም ደገኛ» ነው ስሜ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

ማንጠግቦሽ ለምላሽ የምትቸገር አልነበረችም። ለእናቷ ሳይሆን ለእኔ፣ ማድቤት ውስጥ፣ ቀስ ብላ ነው እንጂ። አንድ ቀን እትዬ ደብሬ በሆነ ነገር ተቆጥተው «ወጪት ሰባሪ!» አሏት። ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እሰብረዋለሁ እንጂ፤ መጀመሪያ ግን ልብላበት» አለችኝ። በሳቅ ጭሱ ትን አለኝ።

ከእኔ መምጣት በፊት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮላት ነበር። አንደኛውን የላከው የትራክተር ሹፌር ነው። እሱን ወድዳው ነበር። ቤት ውስጥ ውሃ ሞልቶ እያለ በርሜል ጭኖ ይመጣ ነበር አለችኝ፤ «በርሜሉን የት እናስቀምጠው እስክንል ድረስ።» ሽማግሎቹ ይመጣሉ፣ እትዬ ደብሬ በክብር ይቀበሏቸዋል፣ ጠላ ይቀርባል፣ በሩ ገርበብ ይላል። ከዚያ ሽማግሎቹ ይወጡና ተመልሰው አይመጡም። ሦስቱም ጊዜ እንዲሁ ነው። «ምን አሉ?» ስትላቸው እናቷ «እንጃላቸው። ያየሽ ሁሉ ይሸሻል፣ እኔ ምን ላድርግ?» ይሏታል። አመነቻቸው። መልኳ ይሁን ዕድሏ አላወቀችም፤ ብቻ የሚያሸሽ ነገር እንዳለባት አመነች።

ሌላም ነገር ነበር። ልጅ ትወዳለች። ጎረቤት የወለደች ካለች ማንጠግቦሽ ቀድማ ነው የምትሄደው። ግን ሕፃኑን ታቅፋ ገና ሳትጠግበው እናትየዋ «አምጪው፣ ይጥባ» ብላ ትቀበላታለች። ሁሌም። አሁን የጠባ ሕፃን እንኳ «ይጥባ» ይባላል። «እኔ ስይዘው ይርባቸዋል መሰለኝ» ትለኝ ነበር።

ያ መኸር እንዴት እንደ ጀመረ አልረሳውም። ሰሊጡ ቅጠሉን ጥሎ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ከታች ያለው ቅርፊት አፉን መክፈት ሲጀምር ካላጨድኸው በሳምንት ውስጥ ነፋስ ያራግፈዋል፤ መሬት የነካ ሰሊጥ ደግሞ ከዋልካው ስንጥቅ ማንም አይለቅመውም። ሳሉጎቹ በማግሥቱ ሊገቡ ተስማምተዋል። እኔና ማንጠግቦሽ እህላቸውን ልናስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድን።

ተራ ስንጠብቅ አንዲት ሴት መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። የዚያ የትራክተር ሹፌር እህት ናት። ደግ ሴት ናት፤ ያንን ሁሉ ያመጣው ደግነቷ ነው። የማንጠግቦሽን እጅ ይዛ «እኅቴ፣ ያ ሕመም እንዴት ነው? ጠበሉ ረዳሽ?» አለቻት።

«የቱ ሕመም?»

«እንግዲህ አትፈሪኝ፣ ያው... የሚጥልሽ። ወንድሜ እኮ እስከ ዛሬ ያነሣሻል። እናትሽ እግዜር ይስጣቸው፤ ‹ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት፣ ሰው አላታልልም› ብለው ለሽማግሎቹ ሳይደብቁ ነገሯቸው። ሌላ ቢሆን ይደብቅ ነበር።»

ወፍጮው እየጮኸ ነው። ማንጠግቦሽ የሴትየዋን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«ሦስቱንም ሽማግሌ ነው እንዲህ ያሏቸው?»

«ሦስቱንም። አገር ያውቀው የለ?»

ዱቄቱን ተሸክመን መንገድ ገባን። ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ ጆንያዋን አወረደችና አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። የምታለቅስ መስሎኝ እንባዋን በቀሚሴ ላብስላት ስል ሳቀች። አፏን ሳትሸፍን። ጥርሷን ሁሉ ያኔ ነው ያየሁት።

«‹ይጥባ› የሚሉኝ ለካ ለዚህ ነው» አለች። ከዚያ ተነሥታ ዱቄቷን ተሸከመችና «ይጥላታል ብላለች። እንግዲህ ልውደቅላት» አለች። «ብላለች» አለች እንጂ «ብለዋል» አላለችም።

ቤት እንደ ደረስን ያቺን በገመድ የተጠለፈች የሱዳን አልጋ ከውስጥ አውጥታ ኒም ዛፉ ሥር፣ ከእናቷ ዱካ ፊት ለፊት አስቀመጠቻት። ቶቧን ፈትታ ተከናንባ ተኛች።

እትዬ ደብሬ «ምን ሆነሽ ነው?» አሉ።

«አሞኝ ነው። የሚጥል በሽታ አለብኝ አሉ።»

ፊታቸው አመድ ሲመስል አየሁት። ግን ለሽንፈት የተፈጠሩ አልነበሩም። «ተነሽ! ነገ ሳሉግ ይገባል!»

«በሽተኛ ወጥ አይሠራም። ሽማግሎቹን ጠርተሽ በነገርሽበት አፍሽ ዋሽቼ ነው በያቸው፤ ያኔ ይሻለኛል።»

«አንቺ» አለቻቸው። ከዘራው ዱካውን ኳ አደረገው። ማንጠግቦሽ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች።

በማግሥቱ ሳሉጎቹ መጡ፤ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው። አለቃቸው አንድ ቀጭን ጎጃሜ ነበር። እንደ ገባ ማድቤቱን አየ፣ አልጋዋን አየ።

«እሜቴ፣ ማንጠግቦሽ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም፣ ተኝታ ነው!»

ማንጠግቦሽ ከቶቡ ውስጥ ሆና፦ «ጥሎኝ ነው። እናቴን ጠይቃት።»

ሳሉጎቹ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አሉ። የዚያን ጊዜ ሰው ያ በሽታ በምግብም በትንፋሽም ይተላለፋል ብሎ ነበር የሚያምነው፤ ዛሬም የሚያምን አይጠፋም።

«ውሸቷን ነው!» አሉ እትዬ ደብሬ። «ልጄ ጤነኛ ናት!»

«ታዲያ ለሽማግሎች የነገሩት ምንድን ነው?» አለ ጎጃሜው። «እኛም ሰምተናል እኮ። አምና ‹የሰው ወሬ ነው› ብለን ነው የበላን።»

ማንጠግቦሽ ቀና አለች። «እናቴን ውሸታም አትበላት። እናቴ ዋሽታ አታውቅም። አይደለም እንዴ፣ እማ?»

እትዬ ደብሬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ምን ይበሉ? ጤነኛ ናት ቢሉ ለሦስት ሽማግሌ ዋሽተዋል። በሽተኛ ናት ቢሉ ሳሉጉ ይሄዳል። ጎጃሜው አማተበና ጀሪካኑን አነሣ። ሁሉም ተከትለውት ወጡ፤ እስከ ማታም ወሬው የሳሉግ መሰብሰቢያውን ሁሉ አዳረሰው።

እኔ እውነቱን አውቃለሁ። ተከትያቸው ወጥቼ «እኔ አብሬያት እበላለሁ፣ አብሬያት እተኛለሁ፣ ወድቃ አታውቅም» ብላቸው ግማሾቹ ይመለሱ ነበር። አላልሁም። እትዬ ደብሬም ይህ አልጠፋቸውም፤ ማድቤት ድረስ መጡ፣ ገብተውበት በማያውቁት ማድቤት።

«ልጄ» አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ «አንቺ ሂጂና ንገሪያቸው።»

«እትዬ፣ እኔ ቅማላም ደገኛ ምን አውቃለሁ? ያለ ቃልዎ እንጨት አይሰበርም» አልኋቸው። ክፉ ነው አይደል? ደስ አለኝ። ዛሬም ሳስበው የሚያሳፍረኝን ያህል ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ቆጠራ ነበር። በሦስተኛው ቀን የታችኛው ቅርፊት ተከፈተ። እናትና ልጅ በአንድ ግቢ፣ በአሥር እርምጃ ርቀት፣ በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት።

«ንገሪያት፤ ይህ ሰሊጥ የእሷም እንጀራ ነው።»

«ንገሪያት፤ በሽተኛ ምግብ አይዘልቀውም።»

«ንገሪያት፤ እናቷን ገድላ የምትኖር መስሏታል?»

«ንገሪያት፤ አልገድላትም። ጧሪ ሳይኖራት ረጅም ዕድሜ ትኑርልኝ።»

በስድስተኛው ቀን እትዬ ደብሬ ነጭ ልብሳቸውን አውልቀው ማጭድ ይዘው ብቻቸውን ማሳ ወረዱ። አንዲት ሴት ያንን ሁሉ መሬት! ማታ ሲመለሱ መዳፋቸው ተልጧል፣ ፀጉራቸው ውስጥ ሰሊጥ ተሰግስጓል። በልጃቸው አልጋ አጠገብ ሲያልፉ ቆሙ። ማንጠግቦሽ ቀና ብላ አየቻቸው። አሁን ትነሣለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇን ዘርግታ ከእናቷ ፀጉር ላይ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ለቀመች፣ በጥርሷ ሰበረቻት፣ ቀመሰቻት።

«በስሏል» አለችና ተመልሳ ተኛች።

በዘጠነኛው ቀን ከሱዳን በኩል ነፋስ ተነሣ። ሰሊጥ ሲረግፍ ይሰማል፤ የማያውቅ ሰው ካፊያ ይመስለዋል። ከማሳው ዳር ቆሜ ሰማሁት። እትዬ ደብሬ መሬቱን ይመለከታሉ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያድኑት የሚችሉት ሰሊጥ ነበር። ቃሉ ግን ከጉሮሯቸው አልወጣም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሽማግሎቹን አስጠሩ። ሦስቱንም ጊዜ ለሽምግልና የመጡት አያ ሙላት የሚባሉ አዛውንት ከሁለት ሰው ጋር መጡ። ጎረቤት ሴቶችም ወሬ ሰምተው አጥሩ ጋ ተሰበሰቡ። እትዬ ደብሬ ዱካው ላይ አልተቀመጡም። ቆሙ።

«ልጄ በሽተኛ አይደለችም» አሉ። «ታማም አታውቅም። ዋሽቼ ነው።»

አያ ሙላት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ምነው ደብሬ? በገዛ ልጅሽ?»

«እሷም ከሄደች ማን ይቀረኛል?»

እኔ እንኳ፣ ያ ሁሉ ቂሜ እያለ፣ ወደ መሬት አየሁ።

ማንጠግቦሽ ከአልጋዋ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች። ቶቧን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄዳ አንዲት አራስ ጎረቤታችን ፊት ቆመችና ሁለት እጇን ዘረጋች። ሴትየዋ ዙሪያዋን አየች፤ ሕፃኑን ሰጠቻት። ማንጠግቦሽ ታቀፈችው። ሕፃኑ አለቀሰ፣ ዝም አለ፣ ክንዷ ላይ ተኛ፣ ተኝቶም ሸናባት። «ይጥባ» ያላት የለም። ሁላችንም፣ ሽማግሎቹም፣ እሷ እስክትጠግብ ቆመን ጠበቅናት። ረጅም ጊዜ ነው የቆምነው። ከዚያ ሕፃኑን ለእናቱ መለሰችላት።

«ተሻለኝ» አለች።

«የቀረውን ሰሊጥ... ሳሉግ አሁን ይመጣ ይሆናል» አሉ እትዬ ደብሬ።

«የቀረ የለም። ረግፏል» አለች ማንጠግቦሽ። አንዲት ፌስታል ይዛ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ላይ ዞረች። «አብደራፊ ነኝ። እስክጠራሽ ድረስ ደጄን እንዳትረግጪ። ያለ ቃሌ።»

አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ።

አብደራፊ ላይ መጀመሪያ ለትራክተር ሹፌሮችና ለሳሉግ ምግብ ቤት ከፈተች፤ ኋላ ቤት ሠራች፣ ጓሮዋ ላይ ለራሷ ጥቂት ሰሊጥ ትዘራ ነበር። አላገባችም። የዱሮው ሹፌር ልጆች አድርሷል። በየዓመቱ እሄድና እጠይቃት ነበር፤ ገና ከበሩ ሳልገባ ስለ እናቷ «በሕይወት አለች?» ትለኛለች። «አለች» ስላት «እንዳትሞትብኝ፤ ገና አልጨረስሁም» ትላለች፤ አፏን ሳትሸፍን ትስቃለች። ስመለስ እትዬ ደብሬ ዱካቸው ላይ ሆነው «አልጠራችኝም?» ይሉኛል። በስሜ ነው አሁን የሚጠሩኝ። ይህንን ለማንጠግቦሽ ስነግራት እጇ ጀርባ ላይ ወጥ ጠብ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና ትልሰዋለች፦ «ገና ጨው ይጎድለዋል።» የመጨረሻ ጊዜ ስሄድ «እስከ መቼ ነው፣ ማንጤ?» ብዬ ተቆጣኋት። «ለሚቀጥለው መኸር እናያለን» አለች። መኸሩ መጣ፤ እሷ የለችም።

ያ ስልክ እንደ ተደወለልኝ ለእትዬ ደብሬ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። አላለቀሱም። ከዘራቸውን አነሡ። በጎንደር በሳንጃ ዞረን በሁለተኛው ቀን አብደራፊ ስንደርስ ቀብሩ አልፎ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ድንኳኑ ከደጇ ማዶ መንገዱ ላይ ተጥሏል። ሴቶቹ ማን እንደ ሆኑ ሲሰሙ ተነሡና «ወደ ውስጥ ይግቡ፣ የልጅዎ ቤት ነው» አሏቸው።

«አልጠራችኝም» አሉና ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጡ። የተኙትም እዚያው ነው።

በማግሥቱ ጧት ስነቃ ቦታቸው ባዶ ነው። ከጎረቤት ማጭድ ተውሰው በጓሮ ዞረዋል። የማንጠግቦሽ ሰሊጥ ቆሞ ነበር፤ የታችኛው ቅርፊት ተከፍቷል። ሁለት ቀን አጨዱ። ላግዝዎ ብል እንቢ አሉኝ። ነዶውን አሰሩ፣ እንዳይረግፍ ከሥሩ ሸራ አነጠፉ፣ እርስ በርሱ አደጋግፈው እኛ ሂላ የምንለውን ክምር አቆሙ። ማጭዱን ለባለቤቱ መለሱ። ከዚያ ደጇን ሳይረግጡ በመጡበት በጓሮ በኩል ዞረው ወጡና አውቶቡስ ተሳፈሩ።